እናቴ ቀይ ለብሳ የቀበረቻቸው ሰዎች

ልጅ ሳለሁ እኛ ሰፈር የለቅሶ ልብስ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ሰው ሲሞት ያለውን ነጭ ነጠላ፣ ያለውን ቀሚስ ጠቅልሎ ኦቦ ደቻሳ ጋ ይወስዳል፤ በማግስቱ ጥቁር ሆኖ ይመለስለታል። አሁን ቡራዩ ፎቅ በፎቅ ሆናለች፤ ጥቁር ልብስም በየሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ያኔ ግን ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከበርና መስኮት ሠሪዎቹ ጀርባ ሦስት በርሜል የተጣደበት የቆርቆሮ ዳስ ነበር፤ የሰፈሩ ሐዘን ሁሉ የሚቀቀለው እዚያ ነው።

ኦቦ ደቻሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው ቀይ፣ እጃቸው ግን እስከ ክርናቸው ድረስ ጥቁር የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ከሩቅ ለሚያያቸው በጠራራ ፀሐይ ጓንት ያጠለቁ ይመስላሉ። አንደኛው በርሜል የለቅሶ ነው፤ ሁሌም ጥቁር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌማት ለሚሰፉ ሴቶች አክርማ የሚነከርባቸው ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው እንደ ሳምንቱ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ወይን ጠጅ። ሰፈርተኛው ስለ ሥራቸው አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው። ቀለማቸው ይለቃል። ዝናብ የመታው ለቀስተኛ አንገቱ ጠቁሮ ነው ቤቱ የሚገባው። «የደቻሳ ቀለም የማይለቀው ከገዛ እጁ ላይ ብቻ ነው» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ ሰው ሲሞት ግን ተመልሰው እሳቸው ጋ ናቸው።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱና እኔ በስምምነት ተለያይተናል፤ ከዚያ በኋላም ያልሞከርኩት ሥራ የለም። ይሁንና በሕይወቴ ሳልነቃነቅ የተቀመጥኩበት ቦታ ቢኖር ያ ዳስ ነው። አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ (ያኔ የሚጠፋው በብዛት አመሻሽ ላይ ነበር) የሰፈሩ ልጆች ሁላችን ወደዚያ እንሮጣለን። በርሜሎቹ ሥር ፍሙ ቀልቷል፤ ምሰሶው ላይ ኩራዝ ተንጠልጥሏል፤ ከበርሜሉ የሚወጣው እንፋሎት አቼቶና እርጥብ በግ ይሸታል። ኦቦ ደቻሳ በረጅም እንጨት ጨርቁን እያማሰሉ፣ እኛን ሳያዩ፣ ለበርሜሉ የሚያወሩ ይመስል ስለ ዲምቦሌ ይጀምራሉ።

ዲምቦሌ ሀገር ነው። ሰው ሁሉ ልብስ ነካሪውን የሚያከብርበት ሀገር መሆኑን ከሁሉ አስቀድመው ይነግሩናል።

«የት ነው ግን?» አልናቸው አንድ ቀን።

«ከጫንጮ አልፎ።»

ቶሎሳ የሚባል ተከራካሪ ጓደኛ ነበረኝ። «አጎቴ ጫንጮ ነው የሚኖረው። ጠየቅኩት፤ እንዲህ የሚባል ሀገር የለም ብሏል» አላቸው።

«አጎትህ ጫንጮን አልፎ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲህ!» አሉና ማማሰላቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ የዲምቦሌን መኖር የተጠራጠረ አልነበረም።

በዲምቦሌ ጥቁር የሚለብሰው ሙሽራ ብቻ ነው፤ ወዴት እየገባ እንደሆነ አይታየውምና። ሐዘን ግን እንደ ዓይነቱ ነው። ሰው የሞተበት ሰው ወደ ነካሪው ሲሄድ ነካሪው ማን ሞተብህ ብሎ አይጠይቅም፤ ሀገሩ ትንሽ ስለሆነ ያውቀዋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ጎደለብህ?» ለቀስተኛው «ሳቅ» ካለ ቢጫ ይነክርለታል። «ምክር» ካለ አረንጓዴ። ሟቹ ሩቅ ሀገር ሆኖበት ሳያየው የቀረ ሰማያዊ ይለብሳል፤ ሰማይ ሁለቱም ጋ ስላለ። ተጣልተው ሳይታረቁ የሞቱበት ደግሞ ቀይ፤ ከሩቅ እንዲታይና ሰው ሁሉ መንገድ እንዲለቅለት። መዋሸት አይቻልም። ለዋሸ ሰው ጨርቁ ቀለሙን አይጠጣም፤ ልክ እንደ ዳክዬ ላባ ያራግፈዋል።

እኛን ያበላሸን ግን ብርቱካናማው ነው። ብርቱካናማ የይሉኝታ ነው። ምንም ያልጎደለበት፣ ሰው እንዳይታዘበው ብቻ ለቅሶ የሚሄድ ሰው የሚለብሰው። ይህን ከሰማን ወዲህ የትኛውም ድንኳን ውስጥ ጨዋ ሆነን መቀመጥ አቃተን። ጥግ ይዘን ለቀስተኛ መመደብ ሆነ ሥራችን።

«እሷስ?»

«ብርቱካን።»

«ያኛው ሰውዬስ?»

«ብርቱካን። ኧረ ለንፍሮው ነው የመጣው፤ እጁን እየው!»

እንዲህ ተቀምጠን ስንፈርድ የራሳችን ቤት ለቅሶ ላይ ምን እንደሚደርስብን አላሰብንም ነበር።

እናቴና ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአሸንዳ ተጣልተው ነበር። የቤታችን አሸንዳ የክረምቱን ውሃ ሰብስቦ ቀጥ ብሎ የሚወርደው የአዴ ጫልቱ ጎመን ላይ ነው። አሸንዳውን አዙሩት አሉ፤ እናቴ ጎመኑን አዙሩት አለች። እልሁ ሁለት ክረምት ቆየ። ኦቦ ደቻሳ ሌላ ሰው ጨምረው ሁለት ጊዜ ለሽምግልና መጡ፤ ሁለቴም በባዶ ተመለሱ። በመጨረሻ አዴ ጫልቱ አጥሩ ላይ ቆመው፣ ሰፈር እየሰማ፣ «አስቴር! ሞቼ ብትሰሚ ድንኳኔን እንዳትረግጪ!» አሏት። እናቴም «እኔ ቀድሜ ብሞት እርስዎም እንዳይደክሙ!» ብላ መለሰች።

ከዚያ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። አዴ ጫልቱ፣ ምንም ሳያማቸው፣ ጎመናቸውን እየኮተኮቱ ወደቁ።

እናቴ የዚያን ቀን ያለቀሰችውን ለአንድም ዘመዷ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ነበር። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። እዚያ ድንኳን መግባት አለባት። ሟች አትግቢ ብለዋል። ብትገባ ልጃቸው እትዬ በለጡ፣ የድሮ ጓደኛዋ፣ በሰው ፊት ልታስወጣት ትችላለች። ባትገባ ደግሞ በሟች ላይ ቂም ይዛ ቀረች ተብላ እዚያ ሰፈር ዕድሜ ልኳን ቀና ብላ አትሄድም። አሰበች፣ አሰበችና ያላትን ሁለት ነጠላና አንድ ቀሚስ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ሩጥ ኦቦ ደቻሳ ጋ። ጥቁር። ከሁሉ የጠቆረ ይሁን በላቸው፤ ከልጃቸው የባሰ መጥቆር አለብኝ።»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እየሮጥኩ አሰብኩ። ጥቁር የሙሽራ ነው። እናቴ ደግሞ የተጣላች ናት። መንገዱን ሁሉ ነገሩን ሳገላብጠው ቆይቼ ዳሱ ጋ ስደርስ ፍሙ ገና እየተያያዘ ነበር።

«ያ ጉርባ!» አሉኝ ኦቦ ደቻሳ፤ ልጅ ለማለት እንዲህ ነው የሚጠሩን። «የእናትህ ነው?»

«አዎ።»

ጥቅሉን ተቀብለው ፈቱት። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ ለእኔ ለልጁ ብለው፣ ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ምን ጎደለባት?»

«እርቅ» አልኳቸው።

ማማሰያውን ምሰሶው ላይ አስደገፉት። ፍሙን ረጅም ሰዓት አዩት። ሁለት ጊዜ ሽምግልና የሄዱት እሳቸው መሆናቸውን ያኔ አላስታወስኩም። ከዚያ ጥቅሉን አንስተው ጥቁሩን በርሜል አልፈው ሄዱ። ጨው ጨመሩበት፤ አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ፣ ሦስት እፍኝ። አቼቶውን ጠርሙሱን ገልብጠው አፈሰሱ። «ይሄኛው አይለቅም» አሉ ለራሳቸው።

ጠዋት ላይ የተጠቀለለውን አምጥቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ፈታችው። ነጠላውን በሁለት እጇ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው፤ ያ መልኳ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቀይ ነው።»

«ቀይ መሆኑንማ አያለሁ አንተ እርጉም!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ነጠላ ጫማ ያውቀዋል። እኔ አጥሩን ዘልዬ ወጣሁ፤ እሷ አጥሩ ሥር ቆማ እየጮኸች ነው፤ ከወዲያ በኩል ድንኳን እየተተከለ ነው፤ የአምስት ዓመቷ እህቴ ሜሮን በመካከል ቆማ «ቀዩ ያምራል እማዬ» ትላለች። የሚያውሳት ጎረቤት የለም፤ ሁሉም ጥቁሩን ለብሷል። በመጨረሻ ሰበታ የሚሠራው አባቴ የተወውን ጥቁር ካፖርት ከምስማሩ ላይ አወረደች። እሷ አጭር ናት፤ አባቴ ረጅም ነው። ሌላ የሚለበስ ስለሌላት ቀዩን ቀሚስና ነጠላ ከሥር አድርጋ፣ እስከ ጉሮሮዋ ቆልፋ፣ እጅጌው ጣቷን ውጦት፣ ቀሚሷ ከታች እንዳይታይ ካፖርቱ መሬት እየጠረገ፣ ወደ ድንኳኑ ሄደች። እኔ በርቀት ተከተልኩ። ሜሮንን በእጇ ይዛታለች።

ስትገባ ሰው ተላቀሰ። ማንም አላስወጣትም። እትዬ በለጡ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን አዞረች። እናቴ በዚያ ብታቆም ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ሐዘኑ እውነት ነበረ። «አዴ ጫልቱዬ! በጎመን ተጣላሁሽ! በቅጠል!» ብላ ደረቷን በሁለት እጇ ስትመታ የካፖርቱ ቁልፍ ተፈናጠረ። ሁለተኛውም ተከተለ። ካፖርቱ ተከፈተና እናቴ ከውስጡ ወጣች፤ እንደ በሰለ ቲማቲም።

አልቃሿ ግጥሟን መሐል ላይ ተወችው። ንፍሮ የሚያኝክ እንኳ አቆመ።

«ሰርግ መስሏት ነው?» አለች አንዷ።

«ደስታዋን ነው ለብሳ የመጣችው!» አለች ሌላዋ።

እትዬ በለጡ ተነሳች። «አስቴር! እናቴ ገና አፈር ሳትቀምስ? ድንኳኔን እንዳትረግጪ ያለችሽ ለካ አውቃሽ ነው! ውጪ! ውጪልኝ!»

እናቴ ካፖርቱን በሁለት እጇ ልትገጥመው ሞከረች። ያ ምላሷ፣ ጎመኑን አዙሩት ያለው ምላሷ፣ አንድ ቃል ማውጣት አቃተው።

ሜሮን ናት የተናገረችው። በዚያ ቀጭን ድምፅዋ «በዲምቦሌ እኮ ቀይ ማለት ተጣልቶ ሳይታረቅ የሞተበት ነው!» አለች።

«በየት?» አለች እትዬ በለጡ።

«በዲምቦሌ። ቢኒ ያውቃል!» ብላ ጣቷን ቀሰረችብኝ። ድንኳን ሙሉ ዓይን ወደኔ ዞረ።

ያኔ መሮጥ ነበረብኝ፤ ለወትሮው ማን ይቀድመኛል? ግን እናቴን አየኋት። ካፖርቱ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ቀይ ሆና፣ ብቻዋን መሐል ላይ ቆማለች። ወደፊት ወጣሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ነካሪው የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን። ሙዱ ሲይዘኝ ብርቱካናማውንም ጨመርኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወርቁ አንገታቸው ላይ የነበረውን ብርቱካናማ ሻርፕ ቀስ አድርገው እየሳቡ ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ። ለካ ልጅ የሚያወራውን ሰው በደንብ ይሰማል።

«እሺ» አለች እትዬ በለጡ። ድምፅዋ ትንሽ ረግቧል። «ቀይ ለብሶ የመጣውንስ ምን ያደርጉታል፣ እዚያ ሀገራችሁ?»

ይህን ኦቦ ደቻሳ ነግረውን አያውቁም። ወንዶቹ በኩል ተቀምጠዋል፤ አየኋቸው። ጥቁር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እሱኑ ይመለከታሉ። ከዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር በራ። የደቻሳ ቀለም ይለቃል!

«የሟች ልጅ የነጠላውን ጫፍ በውሃ ታጥበዋለች» አልኩ። «ቀለሙ ከለቀቀ፣ ሟች ይቅር ብሏል ማለት ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። እትዬ በለጡ ወዲያና ወዲህ አየች። ከዚያ የእጅ ማስታጠቢያውን ከጥግ አነሳችና መጣች። የእናቴን ነጠላ ጫፍ ያዘች። አፈሰሰችበት።

ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ።

ደግማ አፈሰሰች። አሁንም ጥርት ያለ ውሃ። ያኔ ሦስቱ እፍኝ ጨው ትዝ አለኝ፤ ጠርሙስ ሙሉ አቼቶው ትዝ አለኝ። ዕድሜ ልካቸውን የሚለቅ ቀለም ሲነክሩ ኖረው ሰውዬው ለእናቴ ብለው ተጠንቅቀዋል! እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ በለጡ ማስታጠቢያውን ዝቅ ማድረግ ጀመረች።

ወንዶቹ በኩል ጉሮሮ ተጠረገ።

«በሙቅ ነው እንጂ» አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ማንንም ሳያዩ። «በዲምቦሌ በቀዝቃዛ ውሃ ይቅር የሚል ሟች የለም።»

አንዷ ሮጣ ከእሳት ላይ ማንቆርቆሪያ አመጣች፤ እትዬ በለጡ ተቀብላ አፈሰሰች። እንፋሎቱ ሲያርፍበት፣ ከነጠላው ጫፍ መጀመሪያ ሮዝ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ጥሩ አድርጎ ቀይ ወረደ። እስከ እትዬ በለጡ እግር ደረሰ። ማንቆርቆሪያውን ጥላ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ድንኳኑም እንደ አዲስ፣ አሁን የምር፣ አለቀሰ። ያን ቀን አንድም ብርቱካን አልነበረም። በሳምንቱ አሸንዳው ተዞረ።

እኔ ቅጣቴ አልቀረልኝም። ኦቦ ደቻሳ ደግሞ ከእኔ የባሰ ደረሰባቸው። እናቴ ዳሳቸው ድረስ ሄዳ «ኦቦ ደቻሳ፣ አንቱ ትልቅ ሰው አይደሉም? ልጅ ቀይ ቢልዎት ቀይ ይነክራሉ?» አለቻቸው።

«ማሎ አስቴር» አሉ፣ እባክሽ ማለታቸው ነው፣ «ደንበኛ ያዘዘውን ነው። ደግሞ ልጁ ቀይ አላለኝም።»

«ምን አለዎት ታዲያ?»

አልነገሯትም። እሷም ይቅር አላለቻቸውም፤ ምክንያቱም ሰፈሩ «ቀይዋ አስቴር» ብሎ ስም አወጣላትና እስከዛሬ አልለቀቃትም። ሚኒባስ ረዳት እንኳ «ቀይዋ አስቴር ጋ ወራጅ አለ!» ይል ጀመር። ከዚያ በኋላ ኦቦ ደቻሳ በመንገድ ሲያገኟት ኮፍያቸውን አንስተው «አካም ቡልቴ፣ አስቴር?» ይሏታል፤ እሷ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ ለአጥሩ። ስንቱ ዓመት እንዲህ ሄደ።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከለቅሶው ሳምንት በኋላ መብራት ጠፋና ዳሱ ጋ ተሰበሰብን። ኦቦ ደቻሳ ፍሙን ቆስቁሰው ስለ ዲምቦሌ ጀመሩ። ቀዩ ላይ ሲደርሱ «ከጥንት ጀምሮ» አሉ፣ «የሟች ልጅ የነጠላውን ጫፍ በሙቅ ውሃ ታጥባለች።» ቶሎሳ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ ግን ያንን ጥንት ባለፈው ቅዳሜ በገዛ አፌ የፈጠርኩት እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ኦቦ ደቻሳ በኩራዙ ብርሃን አንዴ አዩኝና ወደ በርሜላቸው ተመለሱ። ዲምቦሌ ከጫንጮ አልፎ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ኦቦ ደቻሳ ባለፈው ክረምት ሞቱ። እኔ አሁን ቲሸርት አታሚ ነኝ፤ ወጣት ሲሞት፣ አንዳንዴም ሽማግሌ ሲሞት፣ ጓደኞች የሟችን ፎቶ ደረታቸው ላይ አሳትመው ይለብሳሉ። ቶሎሳና የድሮ የዳስ ልጆች መጥተው ጥቁር ቲሸርት አዘዙኝ። «ምን ጎደለባችሁ?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና «ሳቅ» አሉኝ። በማግስቱ ሁላችንም ቢጫ ለብሰን ወጣን። ቀብር ላይ ፋራ መሰልን፤ ይምሰል።

እናቴ ከእኛ ጋር አልሄደችም፤ «አልመጣም» ብላ ቀድሞውኑ አስታውቃለች። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥን ነው በሩ ላይ ያየኋት። ከሳጥኗ ሥር አውጥታው ነው። ያ ነጠላ፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበ ባላውቅም አሁን ሮዝ እንኳ ለመባል የሚቸገረው ቀይ ነጠላ። ካፖርት አልደረበችበትም።

ከሱሉልታ የመጣችውን የኦቦ ደቻሳን ልጅ እዚያ ከመቀመጣችን በፊት አይተናት አናውቅም። የአዴ ጫልቱን ለቅሶ አታውቅ፣ እናቴን አታውቅ። ነጠላውን ከሩቅ አየችው። ማንም ምንም ሳይላት ተነሳች፤ ወደ ጓዳ ገባች፤ እንፋሎት የሚተነው ማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። እናቴ ፊት በርከክ ብላ ጫፉን ያዘችና አፈሰሰች።

እኔ የቀለም ሰው ነኝ። የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነበር፤ ያ ጨርቅ የሚለቀው ነገር ካለቀበት ቆይቷል። ልጅቷ ውሃውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እናቴን አየቻት።

«ለቋል» አለች።

ጋሽ ወርቁ ከወንዶቹ በኩል «ለቋል፣ አየሁት» አሉ። ቶሎሳ፣ ያ ተከራካሪ፣ «ጥሩ አድርጎ ለቋል» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምታምነው የእኔን ዓይን ነበር።

«ለቋል እማዬ» አልኳት።